«ሪስፔክተብል» ስለ ተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉምና አጠቃቀም

በእንግሊዝ አገር ማኅበራዊ ኑሮ ላይ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚመረምር ሰው «ሪስፔክተብል» የሚለውን ቅጽልና ከርሱ የሚወጣውን «ሪስፔክተቢሊቲ» የተባለውን ስም ሳያገኝ ብዙ ገጽ አይገልጥም። ቃሉ በልብ ወለድ ድርሰት፣ በፍርድ ቤት ምስክርነት፣ በምጽዋት ማኅበራት መዝገብ፣ ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህም በባሕል ተመራማሪዎች ጥናት ውስጥ ይገኛል። ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ብዙውን ጊዜ «የተከበረ» ወይም «ክብር ያለው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አተረጓጐም በሰዋስው በኩል የሚነቀፍ አይደለም፤ በአጠቃቀም በኩል ግን ጉዳዩን ገልብጦ ያሳያል።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ አንድ ነው። ቃሉ የሰውን ጠባይ የሚገልጽ ይመስላል፤ በእውነቱ የሚገልጸው የተመልካችን ፍርድ ነው። ስለዚህ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ያለ ጥንቃቄ በገባ ጊዜ ተመራማሪውን ሳያውቀው ዳኛ ያደርገዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. የቃሉ ሥርና ጠባይ

ቃሉ የተገኘው «ሬስፒኬሬ» ከተባለው የላቲን ግሥ ነው፤ ትርጓሜውም ወደ ኋላ ዞሮ ማየት፣ መልሶ መመልከት ማለት ነው። እንግዲህ ከመነሻው ጀምሮ በቃሉ ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ ያልፋል፣ አንዱ ይመለከታል። በእንግሊዝኛ ቅጽሉ ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ይገኛል። ከ18ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ግን ሁለት አጠቃቀሞች ጐን ለጐን እየጸኑ ሄዱ። አንደኛው ስለ ሰው ሲነገር በመልካም ስምና በተስተካከለ ኑሮ የሚታወቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ስለ ብዛትና ስለ መጠን ሲነገር የማይናቅ፣ መጠነኛ፣ በቂ ማለት ነው።

ሁለተኛው አጠቃቀም ለመጀመሪያው ቍልፍ ይሆናል። እንግሊዞች የአንድ ዓመት ሰብል «ሪስፔክተብል» ነው ሲሉ የተትረፈረፈ ነው ማለታቸው አይደለም፤ የሚያሳፍር አይደለም ማለታቸው ነው። ስለ ሰውም ሲናገሩ እንደዚሁ ነው። ቃሉ ከፍተኛውን ደረጃ አያመለክትም፤ ከአንድ ወለል በታች አለመውደቅን ብቻ ያመለክታል። መስፍን «ሪስፔክተብል» ቢባል ነገሩ ከምስጋና ይልቅ ወደ ስድብ ይቀርባል፤ ማዕረጉ የሚናገርለት ሰው ምስክር አያስፈልገውምና። ቃሉ የሚነገረው ለባለሱቁ፣ ለቢሮ ጸሐፊው፣ ለእጅ ሥራ ባለሙያው፣ ለጭሰኛው ገበሬ፣ ለአሽከሩና ልጆቿን ብቻዋን ለምታሳድገው መበለት ነው። ይኸውም መውደቅ ለሚችል ሰው ነው።

ጄን ኦስተን በ1815 ዓ.ም. መጨረሻ ያሳተመችው «ኤማ» የተባለ ድርሰት ይህን አጠቃቀም በግልጽ ያሳያል። ሚስተር ናይትሊ የተባለው ባለርስት ጭሰኛውን ሮበርት ማርቲንን በዚሁ ቃል ያመሰግነዋል፤ የሚመዝነውም በሥራውና በአስተዋይነቱ ነው። ኤማ ግን ያንኑ ሰው በአለባበሱና በአነጋገሩ መዝና ለወዳጇ ለሃሪየት አይገባም ትላለች። ሰውዬው አንድ ነው፤ ጠባዩም አልተለወጠም። የተለያዩት ሁለቱ ተመልካቾች ናቸው። ደግሞም ቃሉ ከላይ ወደ ታች መነገሩን ማስተዋል ይገባል፤ ባለርስቱ ለጭሰኛው ይሰጠዋል እንጂ ጭሰኛው ለባለርስቱ የሚሰጠው ቃል አይደለም።

2. ባለ ጋሪው ሰው

በኦክቶበር ወር 1823 ዓ.ም. ዊልያም ዊር የተባለ ቁማርተኛ ከለንደን በስተሰሜን በምትገኘው በራድሌት መንደር አጠገብ ተገደለ። ገዳዩ ጆን ተርቴል በጃንዩዋሪ 1824 ዓ.ም. በሃርትፈርድ ከተማ ተፈርዶበት ተሰቀለ። በዚያ ችሎት ተደረገ ተብሎ በአንድ መጽሔት የተዘገበ አጭር ጥያቄና መልስ ከነገሩ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። አንድ ምስክር ስለ ሟቹ ተጠይቆ «ሪስፔክተብል» ሰው እንደ ነበረ ተናገረ፤ በዚህ ቃል ምን ለማለት እንደ ፈለገ ቢጠየቅ፣ ሟቹ «ጊግ» እንደ ነበረው መለሰ። «ጊግ» ማለት አንድ ፈረስ የሚስበው፣ ሁለት መንኰራኵር ያለው ቀላል ጋሪ ነው።

ቶማስ ካርላይል ይህን መልስ ከ1830 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየድርሰቱ እያነሣ ተሣለቀበት፤ የሰውነት ሚዛኑ ጋሪ የሆነበትንም ወገን ለማሳፈር «ጊግማኒቲ» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ። ሥላቁ ተገቢ ነበረ። ተርቴል ሟቹን ወደ መገደያው ስፍራ የወሰደው በዚሁ ዓይነት ጋሪ መሆኑ ሲታሰብ፣ የክብር ምልክት የተባለው ዕቃ የወንጀልም መጓጓዣ ሊሆን እንደሚችል ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።

ነገር ግን የካርላይል ሣቅ አንድ ነገር ዘለለ። ምስክሩ የተጠየቀውን በትክክል መልሷል። ጋሪ ያለው ሰው ፈረስ አለው፤ ፈረስ ያለው ሰው ጋጣና ድርቆሽ አለው፤ ይህን ሁሉ በየሳምንቱ የሚችል ሰው ደግሞ የማይቋረጥ ገቢ እንዳለው ጐረቤቱ ይገምታል። ምስክሩ ወደ ዊር ልብ ገብቶ ሊያይ አይችልም፤ በመንገድ ሲያልፍ ያየውን ተናገረ። ቃሉም የሚጠይቀው ይህንኑ፣ የሚታየውን ነው። ካርላይል ምስክሩን እንደ ሞኝ ቈጠረው እንጂ፣ ምስክሩ የቃሉን ትርጉም ከብዙ መዝገበ ቃላት ይልቅ አሳጥሮና አጥርቶ አስረድቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

3. የደራስያን ክስ

ከካርላይል በኋላ የተነሡት ታላላቅ የእንግሊዝኛ ደራስያን በቃሉ ላይ ያቀረቡት ክስ በሦስት ምሳሌዎች ሊጠቃለል ይችላል።

መጀመሪያው የቻርልስ ዲክንስ ነው። ከ1849 እስከ 1850 ዓ.ም. በወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ ሊቲመር የተባለ አሽከር አለ። ደራሲው ይህን ሰው ባመጣ ቍጥር «ሪስፔክተብል» የሚለውን ቃል አብሮ ያመጣል፤ መደጋገሙም ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ሊቲመር አይሣቅም፣ አይቸኵልም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ወጣቱ ዴቪድ በፊቱ ሲቆም እንደ ሕፃን ይሰማዋል። ይኸው ሰው ግን ጌታው ስቲርፎርዝ ኤምሊ የተባለችውን ልጅ አታሎ ሲወስዳት አገልጋዩ ነው፤ በመጨረሻም ሌላ ጌታ በመስረቁ ወኅኒ ይገባል። የዲክንስ ብልኀት ያለው በፍጻሜው ላይ ነው። ሊቲመር ወኅኒ ገብቶም ያንኑ መልክ አይለቅም፤ ለጐብኝዎች የሚታይ የንስሐ አርአያ ሆኖ ይቀርባል። ጌታው ቢለወጥ፣ ቤቱም ወኅኒ ቢሆን፣ ተመልካች እስካለ ድረስ ትርኢቱ አይቋረጥም።

ሁለተኛው ጆርጅ ኤልየት በሚል የብዕር ስም የጻፈችው ደራሲት ነው። ከ1871 እስከ 1872 ዓ.ም. በወጣው «ሚድልማርች» ውስጥ ባልስትሮድ የተባለው የባንክ ባለቤት በከተማው ዘንድ በሃይማኖተኛነቱና በምጽዋቱ የታወቀ ነው። የሀብቱ ምንጭ ግን የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበል የመያዣ ንግድ ነበረ፤ ለባለመብት ወራሽ ይገባ የነበረውንም ገንዘብ ደብቆ ወስዷል። ነገሩ ሲገለጥ ከተማው ፊቱን ያዞርበታል። ሚስቱ ሃሪየት ግን ጌጧን ሁሉ አውልቃ፣ ተራ ጥቍር ልብስ ለብሳ፣ ከባሏ አጠገብ ትቀመጣለች። ደራሲዋ በዚህ ስፍራ ሁለት ነገሮችን ትለያለች። አንደኛው ከተማው ሰጥቶ ከተማው የሚነሣው ነገር ነው፤ «ሪስፔክተቢሊቲ» የሚባለውም ይህ ነው። ሌላው ተመልካች በሌለበት ክፍል ውስጥ የሚገኝ ታማኝነት ነው፤ ለዚህ እንግሊዝኛ ሌላ ቃል ይፈልጋል።

ሦስተኛው የበርናርድ ሾው ነው። በ1913 ዓ.ም. በቪየና፣ በ1914 ዓ.ም. በለንደን በታየው «ፒግማልዮን» በተባለው ቲያትር ውስጥ ዱሊትል የተባለው ጥራጊ አመላላሽ ርዳታ ከማይገባቸው ድኾች ወገን መሆኑን በኵራት ይናገራል። ከአንድ አሜሪካዊ ባለጸጋ ኑዛዜ የዓመት ገቢ ሲያገኝ ግን ሳይወድ «ሪስፔክተብል» ይሆናል፤ አብራው የምትኖረውንም ሴት በሕግ ሊያገባ ይገደዳል። ሾው የሚለው ነገር፣ ቃሉ ምርጫ የሚመስል ግዳጅ ነው፤ ገንዘቡ ከመጣ ቃሉም ይከተላል፤ ቃሉ ከመጣ ደግሞ የጐረቤትና የዘመድ ጥበቃ ይከተላል።

እነዚህ ሦስት ክሶች በመሠረቱ አንድ ናቸው። ቃሉ ውጭውን እንጂ ውስጡን አያይም ይላሉ። ክሱ እውነት ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ካርላይልም ሆነ ዲክንስ፣ ኤልየትም ሆነች ሾው ስማቸውን ካጸኑ በኋላ በቃሉ መሣለቅ የሚችሉ ሰዎች ሆነዋል፤ ቃሉን ቢያጡ እራታቸውን አያጡም። ከዚህ የተነሣ ሥላቃቸው አንድ ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል። ቃሉ ይህን ያህል ባዶ ከሆነ፣ ምንም የሌላቸው ሰዎች ከእንጀራቸው ቀንሰው ስለ ምን ገዙት?

4. በድኻው ቤት

ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከድርሰት ይልቅ በሕግ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። በ1832 ዓ.ም. የወጣው የአናቶሚ ሕግ በድኾች መጠለያ ውስጥ ሞቶ ጠያቂ ያላገኘ ሰው አስከሬን ለሕክምና ትምህርት እንዲሰጥ ፈቀደ። በ1834 ዓ.ም. የወጣው የድኾች ሕግ ደግሞ መሥራት የሚችል ችግረኛ ርዳታ ቢሻ «ወርክሀውስ» ወደሚባለው የሥራ መጠለያ እንዲገባ ለማድረግ የታቀደ ነበረ፤ በዚያም ባልና ሚስት ተለያይተው ይኖሩ ነበር። እስከ 1918 ዓ.ም. ድረስም የድኾች ርዳታ የተቀበለ ሰው የመምረጥ መብቱን ያጣ ነበር። እንግዲህ ከዚያ ወለል በታች መውደቅ ኀፍረት ብቻ አልነበረም። የቤተ ሰብ መለያየት፣ የመብት ማጣት፣ ከሞትም በኋላ የአስከሬን መቈራረጥ ነበረ።

ከዚህ ፍርሃት የተነሣ በሠራተኛው ሰፈር ለቃሉ የተከፈለው ዋጋ በጣም ግልጽ ነው። ፕሩደንሽል የተባለው ኩባንያ ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ በየሳምንቱ በሳንቲም የሚከፈል የሕይወት ዋስትና ለሠራተኞች ሲሸጥ ሰብሳቢው ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ይቀበል ነበር፤ የገንዘቡም ዋና ጉዳይ ቀብር ነበረ። ሞድ ፔምበር ሪቭስ በ1913 ዓ.ም. ባሳተመችው መጽሐፍ በለንደን በላምበዝ ሰፈር በሳምንት አንድ ፓውንድ ገደማ የሚያገኙ ቤተ ሰቦችን ወጪ በዝርዝር መዝግባለች። እናቶች ለልጆቻቸው ምግብ ሳይበቃ ለየልጁ በየሳምንቱ አንድ ፔኒ የቀብር ዋስትና ይከፍሉ ነበር። ይህን ያየ የበጎ አድራጎት ጐብኚ አባካኝነት ይለው ነበር። ሪቭስ ግን ነገሩን ከእናትየዋ ዐይን አየችው፤ ልጁ ቢሞት በመንግሥት ወጪ እንደ ድኻ እንዳይቀበር ከማድረግ የሚበልጥ ጉዳይ አልነበራትም። የእድርን ሥርዓት ለሚያውቅ አንባቢ ፍርሃቱ እንግዳ አይሆንም፤ ልዩነቱ እድር ገንዘብና ቀባሪ አንድ ላይ ሲያመጣ፣ የሳምንቱ ፔኒ ያመጣ የነበረው ገንዘቡን ብቻ መሆኑ ነው።

የሪቭስ መጽሐፍ ሌላም ነገር አስረድቷል። የተጠኑት አባቶች ሰካራሞች ወይም ሰነፎች አልነበሩም፤ ሥራ ያላቸው፣ ቃሉ የሚጠይቀውን ሁሉ ያሟሉ ሰዎች ነበሩ። እንደዚያም ሆኖ ልጆቻቸው በቂ ምግብ አያገኙም ነበር። እንግዲህ ድኽነት የጠባይ ጕድለት ውጤት ነው ይባል የነበረው አሳብ በገበታ ሒሳብ ተፈተነ፤ ስሌቱም አልቆመለትም።

ሮበርት ሮበርትስ በሳልፈርድ ከተማ ስላደገበት ሰፈር በ1971 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የቃሉን የዕለት ሥራ ያሳያል። ከውጭ አንድ የሚመስለው የድኾች መንደር ከውስጥ በብዙ ደረጃ የተከፋፈለ ነበረ፤ ከመንገድ መንገድ፣ በአንዱ መንገድም ከቤት ቤት ይለይ ነበር። በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ሚስት የደጃፏን ደረጃ ፈትጋ በድንጋይ ታነጣለች። የእሑድ ልብስ ሰኞ ዕለት ገንዘብ ለመበደሪያ ይያዛል፤ ቅዳሜ ተመልሶ ይወጣል፤ እሑድ ግን ባልየው ለብሶት ይታያል። የነጣው ደረጃ በማግሥቱ ይረገጣል፤ እንደገናም መንጣት አለበት። በዚህ ቃል የተያዘ ክብር ለነገ አያድርም።

መንግሥትም ይህንኑ ሚዛን በሕግ ጽፎታል። በ1908 ዓ.ም. የወጣውና ከጃንዩዋሪ 1909 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራበት የሽማግሎች ጡረታ ሕግ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ለበለጠ ድኾች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ የሚደርስ ገንዘብ ፈቀደ። ነገር ግን እንደ አቅሙ ከመሥራት ዘወትር ቸል ያለ ሰው፣ የታሰረም ሰው ከእስራቱ በኋላ እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ እንዳያገኙት አገደ። እንግዲህ ጐረቤት በመስኮት የሚያየው ነገር ወደ ባለሥልጣን መዝገብ ገባ፤ የቃሉም መኖር ወይም አለመኖር በ5 ሺሊንግ ተተመነ። የደራስያኑ ሣቅ ያልደረሰበት ስፍራ ይህ ነው። የተመልካቹ ፍርድ ልብን ባያይም ሆድን ይነካ ነበር።

5. በተመራማሪዎች እጅ

ቃሉ ከሕዝብ ንግግር ወደ ባሕል ጥናት ሲገባ ሁለት ዓይነት ዕድል አገኘ። በእንግሊዝ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ ሠራተኛውን ሕዝብ «ሪስፔክተብል» እና «ባለጌ» ብሎ በሁለት መክፈል የተለመደ ሆነ። ፒተር ቤይሊ በ1979 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ይህን አከፋፈል ነቀፈ። አንድ ሠራተኛ ከአሠሪው ወይም ከቄሱ ጋር ሲገናኝ «ሪስፔክተብል» ሆኖ፣ ማምሻውን በመጠጥ ቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ቃሉ ሁለት ወገኖችን ሳይሆን አንድ ሰው እንደ ጊዜውና እንደ ተመልካቹ የሚይዛቸውን ሁለት መልኮች ሊያመለክት ይችላል አለ። ነቀፋው ጠቃሚ ነው፤ ተመልካቹን ወደ ነገሩ መልሶታልና። ነገር ግን መልክ መለወጡን ብቻ አጥብቆ የያዘ አንባቢ ወደ ዲክንስ ሣቅ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ያሻዋል፤ የላምበዟ እናት ፔኒ የምትከፍለው ለትርኢት አልነበረም።

በካሪብያን ደሴቶች ጥናት ደግሞ ፒተር ዊልሰን በ1969 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍና በ1973 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ቃሉን የትንታኔ መሣሪያ አደረገው። ጥናቱ የተደረገው የኮሎምቢያ ይዞታ በሆነችው፣ እንግሊዝኛ በሚነገርባት በፕሮቪደንሲያ ደሴት ነው። በዊልሰን አስተያየት የደሴቲቱ ኑሮ በሁለት ሚዛኖች መካከል ይወዛወዛል። አንደኛው ከቅኝ ገዢዎች የመጣው፣ በቤተ ክርስቲያንና በሕጋዊ ጋብቻ የሚጠበቀው፣ ይበልጡንም ሴቶች የሚይዙት «ሪስፔክተቢሊቲ» ነው። ሁለተኛው ወንዶች በንግግር ችሎታቸው፣ በጉብዝናቸውና በልጆቻቸው ብዛት እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት ዝና ነው። ጂን ቤሶን በ1993 ዓ.ም. ባወጣችው ትችት፣ በጃማይካ ካደረገችው ጥናት ተነሥታ፣ ሴቶችም ለዝና እንደሚሽቀዳደሙ፣ ቤተ ክርስቲያኑም የባዕድ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ የራሱ ያደረገው መሆኑን አመለከተች።

ይህ ክርክር ስለ ካሪብያን ብቻ አይደለም። ዊልሰን ቃሉን ሲወስድ የቃሉን ተመልካችም አብሮ ወሰደ። የደሴቲቱ ሴት ያገባችው ወይም ቤተ ክርስቲያን የሄደችው የቅኝ ገዢን ዐይን ለማስደሰት ነው ያሰኘው ማስረጃው ብቻ ሳይሆን ቃሉ ከአገሩ ይዞት የመጣው ታሪክም ነው። ቤሶን የጠየቀችው ጥያቄ በአጭሩ ማን ነው የሚያያት የሚል ነው።

በዚያው በ1993 ዓ.ም. ኤቭሊን ብሩክስ ሂገንቦታም ከ1880 እስከ 1920 ዓ.ም. ስለ ነበሩት ጥቁር አሜሪካውያን የባፕቲስት ሴቶች በጻፈችው መጽሐፍ «የሪስፔክተቢሊቲ ፖለቲካ» የሚለውን አነጋገር አስገባች። እነዚህ ሴቶች በንጽሕናና በሥርዓት መኖርን በነጮች ዘረኝነት ላይ የመቃወሚያ መሣሪያ አድርገውታል፤ ነገር ግን ያው መሣሪያ ሥርዓቱን ያልጠበቀውን ድኻ ወገናቸውን ለመውቀስም አገልግሏል። ቤቨርሊ ስኬግስ በ1997 ዓ.ም. ባሳተመችው ጥናት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያሉ 83 የሠራተኛ ልጆች የሆኑ ሴቶችን ለብዙ ዓመታት ተከታትላ፣ ስለ ቃሉ አብዝቶ የሚጨነቀው እንደሌለው የሚጠረጠር ሰው መሆኑን አስረዳች። እነዚህ ሁለት ጥናቶች ደራስያኑ ያልደረሱበት ደርሰዋል። ቃሉ ለተናቀው ሰው ጋሻም ሰይፍም ይሆናል፤ ጋሻው ወደ ላይ፣ ሰይፉ ወደ ጎንና ወደ ታች ነው።

6. በአማርኛ ምን ይባላል?

ከዚህ በኋላ ወደ ትርጉሙ ጥያቄ መመለስ ይቻላል። «የተከበረ» የሚለው አማርኛ ለዚህ ቃል የማይስማማው ወደ ላይ ስለሚያመለክት ነው። «ክቡር»፣ «የተከበሩ» የሚሉት አጠራሮች ለሹምና ለባለማዕረግ ይሰጣሉ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ማዕረግ ለሌለው ሰው የሚሰጥ የምስክር ቃል ነው። ባለርስቱ ጭሰኛውን «ክቡር» ብሎ አመሰገነው ቢባል አንባቢው ታሪኩን ይስተዋል።

«ጨዋ» የተሻለ ይመስላል፤ ንጹሕ ጠባይንና የታረመ አነጋገርን ያመለክታልና። ሆኖም ይህ ቃል የራሱ ታሪክ አለው። በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ንጉሥ በየአውራጃው የሚያሰፍራቸው ጭፍሮች ጨዋ ይባሉ ነበር። በኋላ ዘመን ባሪያ ያልሆነውን፣ ከደኅና ዘር የተወለደውን ሰው፣ በቤተ ክርስቲያን ሰዎችም አነጋገር ያልተማረውን ምእመን አመልክቷል። «የጨዋ ልጅ» የሚለው አነጋገር እንደሚያስረዳው ጨዋነት ከዘር ጋር የተያያዘ ነው፤ ከአባት ይወረሳል። የሳልፈርዱ ሠራተኛ ክብር ግን እንደ ደጃፉ ደረጃ በየቀኑ መታደስ ያለበት ነበረ።

«ይሉኝታ» ደግሞ ለነገሩ ሌላ ገጽ ይሰጣል። ይህ ቃል «ይሉኛል» ከሚለው አነጋገር የወጣ ስለሆነ በውስጡ እንደ እንግሊዝኛው ሁለት ወገኖች አሉ። ልዩነቱ በእንግሊዝኛው ሌላው ሰው ማየቱ፣ በአማርኛው ግን መናገሩ ነው። ከዚህም በላይ ይሉኝታ በሰውየው ልብ ውስጥ ያለ ስሜት ነው፤ «ሪስፔክተቢሊቲ» ግን በተመልካቹ እጅ ያለ ፍርድ ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላው ትርጉም ሊሆን አይችልም፤ አንዱ ለሌላው መልስ ነው ማለት ግን ይቻላል።

ለአጠቃቀሙ ስፋት ከሁሉ የሚቀርበው ምናልባት ማንም ያላሰበው ተራ ቃል፣ «ደኅና» የሚለው ነው። «ደኅና ሰው»፣ «የደኅና ሰው ልጅ» ይባላል፤ ደግሞም «ደኅና ሰብል»፣ «ደኅና ገንዘብ» ይባላል። ለሰውም ለመጠንም በአንድነት መነገሩ፣ ከፍተኛውን ሳይሆን የማያሳፍረውን ማመልከቱ፣ ለመኳንንት ምስጋና ሲሆን ማነሱ፣ ይህ ሁሉ ከእንግሊዝኛው ጋር ይገጥማል። የሚለያየው በሥሩ ነው። እንግሊዝኛው ከማየት ሲወጣ፣ «ደኅና» የሚወጣው «ድኅነ» ከተባለው የግእዝ ግሥ፣ ከመዳን ነው። የቃሉን ታሪክ ከድኾች ሕግ ጋር አያይዞ ለተመለከተ ሰው ይህ ልዩነት ጕድለት ብቻ አይሆንም። የላምበዟ እናት በየሳምንቱ ፔኒዋን ስትከፍል የምትሻው ለመታየት ብቻ አልነበረም፤ ከወርክሀውስና ከድኻ መቃብር ለመዳን ነበር። «ደኅና» በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለነገሩ ይቀርባል፤ ተመልካቹን ግን አይጠራም፤ እርሱን ተርጓሚው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ማስገባት አለበት።

ስለዚህ በትርጉምም ሆነ በጥናት ቃሉን የሚጠቀም ሰው በአንድ ቅጽል ብቻ ሊወሰን አይገባውም። አንድ ቤተ ሰብ «ደኅና ቤተ ሰብ ነው» ብሎ መጻፍ ፍርድ ነው፤ የሰፈሩ ሰው፣ ወይም ቄሱ፣ ወይም አሠሪው፣ ወይም የርዳታ ሰጪው ጸሐፊ ደኅና ቤተ ሰብ ይለዋል ብሎ መጻፍ ግን ማስረጃ ነው። ቀጥሎም ያ ሰው ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ፣ ይህን ስም ያጣ ቤተ ሰብስ ምን እንደሚቀርበት መመዝገብ ያስፈልጋል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ካልተጻፉ ተመራማሪው በሃርትፈርድ ችሎት ከቆመው ምስክር ያንሳል፤ ያ ምስክር ምን አይቶ እንደ ተናገረ ቢጠየቅ ጋሪውን አመልክቷልና።